ጾም የማያውቅ አበባ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አበባ የሚተከለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንገቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ፤ ዕቃው አቅሙ እስከቻለ ቤቱን ያገለግላል፣ ሲበሳ ለአበባ ይዳረጋል። ቀዳዳውም ለክፉ አይሰጥም፣ የውኃ መውጫ ይሆናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ደጋም ቆላም ብሎ የሚፈርድባት የለም፤ ማንጎው ያፈራል፣ ጽጌረዳው ያብባል፣ ሰው የጣለው ዘር ሁሉ ይበቅላል። እንዲህ ባለ አገር አበባ ማብቀል ሙያ አይባልም። ሙያው ምርጫው ላይ ነው።

ምርጫችን ደግሞ የታወቀ ነው። የሚበላ ከሆነ ይተከላል። የማይበላ ከሆነ ማማር አለበት። ካላማረም መሽተት አለበት፤ መሽተት ስል ጤና አዳምን፣ አሪቲንና ጠጅ ሳርን ማለቴ ነው። እኔ የምሰበስባቸው ተክሎች ሦስቱንም ፈተና የወደቁ ናቸው። አብዛኞቹ አይበሉም፤ ቆንጆ ናቸው የሚል እስካሁን አልሰማሁም፤ ሽታቸውም ሰው ከቤት ያስወጣል። ባለቤቴ «ሰው በአበባ ቤቱን ያሳምራል፣ አንተ በአበባ እንግዳ ታባርራለህ» ትለኛለች። አልዋሸችም። ግን የሚባረረው አንዱ ዓይነት እንግዳ ነው፤ በሌላ በኩል ሳይጠራ የሚመጣ አለ።

ወገናቸው የጎደሬ ነው። ሳይንሱ አራሴ ብሎ የመዘገበው ቤተሰብ ከ3,000 በላይ ዝርያ አለው። ይህን ቤተሰብ አላውቀውም የሚል ሰው መጀመሪያ ሳሎኑን ይይ። ያች በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ተጀምራ፣ በክርና በምስማር እየተመራች፣ ከሠርጉ ፎቶግራፍ ጀርባ ገብታ በቴሌቪዥኑ አናት የምትወጣው ሐረግ የዚህ ወገን ናት። በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚቆመው፣ ሰፊ ቅጠሉ በነጭ የተዥጎረጎረው ዲፈንባኪያም የዚህ ወገን ነው። ለሠርግም ለለቅሶም የምትታዘዘው ነጯ ጥሩምባ አበባም እንዲሁ። ሊንየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «የኢትዮጵያ» ብሎ የመዘገባት ይህች ጥሩምባ አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያኔ ለአውሮፓ ሰው ከግብፅ በታች ያለው ሁሉ ኢትዮጵያ ነበር። እኛም መዝገቡን ሳናነብ ተቀብለን በየበረንዳው አሳደግናት። ከገዛ ማሳችን ዳር በቅሎ የኖረውን የሥጋ ዘመዷን ግን በማረሻ እንገለብጠዋለን።

ዝምድናቸው የሚታወቀው በአበባቸው ነው። መሐል ላይ አንድ ዘንግ ይቆማል፣ ዘንጉ ላይ አንድ ቅጠል ይጠመጠማል። ማለዳ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ደጁ ላይ የቆመ ሽማግሌ ማለት ነው። ሰው «አበባ» ብሎ የሚያደንቀው ጋቢውን ነው፤ አበቦቹስ ከጋቢው ውስጥ፣ ከዘንጉ ግርጌ ተደርድረው የተቀመጡ፣ ለዓይን የማይሞሉ ጥቃቅኖች ናቸው። ሴቶቹ ከታች፣ ወንዶቹ ከላይ። በመጠን ግን ይህን ያህል የተራራቀ ቤተሰብ የለም። ኩሬ ላይ የምትንሳፈፈው፣ ሙሉ አካሏ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማያልፈው የዓለም ትንሿ ባለ አበባ ተክል ከዚህ ቤት ናት፤ የሦስት ሜትር አበባ የሚያቆመው የሱማትራው ግዙፍም ከዚሁ ቤት ነው።

ሌላው የቤተሰቡ ጠባይ ምላስ ማሰር ነው። ጎደሬን ጥሬውን የቀመሰ ያውቀዋል። በሥሩም በቅጠሉም ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች አሉ፤ ያኘከውን ሰው አፉንና ጉሮሮውን ይወጉታል፣ ምላሱ ያብጣል፣ ቃል ማውጣት ያቅተዋል። ጎደሬው በደንብ ሲቀቀል ይለዝባል። ዲፈንባኪያ ግን ተቀቅሎ የሚበላ ነገር አይደለም፣ ልጅና ጥጃ ባለበት ቤት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። መሥሪያ ቤቶች ከእንግዳ መቀበያው ጎን የሚያቆሙበትን ምክንያት እኔ በዚህ ተርጉሜዋለሁ። ባለጉዳይ ጥበቃው ሰልችቶት አንድ ቅጠል ቢያኝክ ለዚያ ቀን ጥያቄ አይኖረውም።

እነዚህ እንግዲህ ጨዋዎቹ ናቸው። ሠፈሩን ያነጋገረው ሌላ ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ የበቆሎ መሬት በሚታረስበት ሰሞን፣ የጎረቤት ልጅ አጎቱን ሊያግዝ ላህ ወንዝ ዳር ወርዶ ሲመለስ በኪሱ አንድ ድቡልቡል ሥር ይዞ መጣ። ማረሻ ገልብጦት ነው። ልጁ ሌላ ሰው የሚጥለውን ሥር እኔ እንደምገዛ ስለሚያውቅ በራችንን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ይችን ይወስዷታል?» አለ። አገላብጬ አየሁት፤ ከላይ ጠፍጠፍ ያለ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ከጉድጓዱ ሐምራዊ ጫፍ ያወጣ። «ምንም አይደለም፣ አረም ነው» አልኩት፣ ገዢ ነኝና። «እንግዲያው ልጣለው» አለና ወደ ቱቦው አመራ። ሻጭ መሆኑ ገባኝ፣ የጠየቀውን ከፈልኩ።

ፈረንጆች ቩዱ ሊሊ የሚሉት ነው። ከአፍሪካ እስከ ሂማላያ ግርጌ ይበቅላል። በአውሮፓ የአበባ ነጋዴዎች ሥሩን ያለ አፈር፣ ያለ ውኃ፣ ራቁቱን ይሸጡታል፤ ገዢው መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እዚያው ያብባል። አንድ ሙሉ አበባ ለማቆም የሚበቃው ስንቅ ሥሩ ውስጥ ተከማችቷል። አፈር የሚፈልገው ካበበ በኋላ ነው። እኔም እንደ ደንቡ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ የሳሎኑ መስኮት ላይ አኖርኩት። ባለቤቴ «ቡና ለመጠጣት በመጣ ሰው ፊት ድንች ደርድረህ ምን ልትለው ነው?» አለች። ከመስኮቱ አንሥታ ወደ ጥግ ገፋችው፤ መልሼ አመጣሁት፤ መልሳ ገፋችው። እሱ በዚህ ሁሉ ጉዞ መሐል ያድግ ነበር። የቤቱ ልጆች በማስመሪያ ይለኩት ጀመር፤ ማታ የተለካው ጧት አልፎ ይገኛል። ከስኒ ማስቀመጫ ላይ፣ ምንም ሳይጠጣ፣ ጦር የሚያህል ነገር ተነሣ።

ይህ ሲሆን ሰኔ ገባ፣ የሰኔ ጾምም ገባ። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ተይዞ ሐምሌ 5 የሚፈታው የሐዋርያት ጾም ማለት ነው። ብዙ ሰው «የቄስ ጾም» እያለ ያልፈዋል። በእኛ ሠፈር ግን ማለፍ አይቻልም፤ አጥር የምንጋራቸው እትዬ አሉ። እትዬ ጾም ይጾማሉ፣ የሚጾመውን ይቆጥራሉ፣ የማይጾመውን ደግሞ አብልጠው ይቆጥራሉ።

አበባው የተከፈተው በአንድ ረቡዕ ጧት ነው። ጋቢው ቢጫ መሬት ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለው ሆኖ ወደ ኋላ ተቀለበሰ፤ ዘንጉ ጠቆር ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ቁሜ ሳየው ሽታው መጣ። የሰነበተ ሥጋ ነው። ሌላ ቃል ብፈልግለት ውሸት ይሆናል፤ ሐምሌ ዝናብ ላይ የተረሳ ቆዳና ሥጋ። በዚያው ሰዓት እትዬ ለቡና ገቡ። ጀበናው ገና ከእሳቱ አልወረደም። ተቀመጡ፣ አፍንጫቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«አንቺ ልጅ፣ አይጥ ሞታብሻለች መሰለኝ» አሏት ባለቤቴን።

ባለቤቴ ሶፋውን ሳበች። ከቁም ሳጥኑ ሥር በመጥረጊያ እንጨት ቃኘች። አይጥ የለም። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ጾሙ ከገባ ስንት ቀን ሆነው?» ብለው ጠየቁ፤ ለሰኔ ጾም ከእሳቸው በላይ ቀን ቆጣሪ እንደሌለ ሁላችንም እያወቅን። ባለቤቴ ፊቷ ደም መሰለ። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፣ እኔ ጣቴን ወደ መስኮቱ።

«አበባው ነው፣ እትዬ።»

«የቱ አበባ?»

«ይኸ።»

ቀረብ ብለው አዩት፤ ፈጥነውም ራቁት። «ማን አባቱ ነው ይህን አበባ ያለው?» አሉ። ቡናውን አቦሉን ብቻ ቀምሰው ወጡ። ቶናና በረካ ሳይጠጣ የወጣ ሰው ለሠፈር የሚያወራው አለው ማለት ነው። ቀትር ሳይደርስ ሦስት ዓይነት ወሬ ዞረ፦ በጾም ሥጋ ዘልዝለን መስቀላችን፣ ሥጋው መበላሸቱ፣ አበባ ነው ብለን መሸምጠጣችን። ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ያስቆጣቸው ይመስለኛል።

ባለቤቴ ዕጣን አጨሰች። ሲያቅታት ከርቤ ጨመረች። የዕጣን፣ የከርቤና የሰነበተ ሥጋ ሽታ ተደባልቆ ሲመጣ ሥጋው ብቻውን ሳለ ይሻል እንደነበር ሁላችንም ተስማማን። ዝንቦቹ ግን አልተምታታባቸውም። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ እየተሽሎከሎኩ ገቡ፣ እኛን ዞር ብለው ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ አበባው ወረዱ። እስከዚያ ድረስ በቤቴ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ አላየሁም። የሚፈልገውን ክፍል ሳይጠይቅ ያገኛል።

አሳብ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ጽጌረዳ ስታምር ለእኛ ያማረች ይመስለናል፤ ጠጅ ሳር ሲሸት ለእኛ የሸተተ ይመስለናል። ይህ አበባ ግን ደብዳቤውን የጻፈው በግልጽ አድራሻ ነው። ለዝንብና ለጥንዚዛ። እነሱ ሥጋ አገኘን ብለው ይገባሉ፣ ከጋቢው ግርጌ ካለው ክፍል ይታሰራሉ፣ ከሌላ አበባ ተሸክመውት የመጡትን ዱቄት ለሴቶቹ ያራግፋሉ፤ በማግስቱ ወንዶቹ ሲከፈቱ አዲስ ዱቄት ተሸክመው ይለቀቃሉ። የሚበላ ነገር አላገኙም። ተታለሉ፣ ሠሩ፣ ወጡ። እኛ የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍተን አንብበን «ምን ዓይነት ጸያፍ ነገር ተጻፈ» ብለን የምንቆጣ ነን።

ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታችን መጡ። በአጋጣሚ ነው የመጡት፤ እትዬም በአጋጣሚ ነው የነገሯቸው። የቅኔ ሰው ናቸው፣ በጎጃም ቅኔ ቤት ያረጁ። ጠበል ይዘዋል። ገብተው ቆሙ፣ አበባውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ። ባለቤቴ «አባ፣ ጾም አልሻርንም፣ በልጆቼ!» አለች።

«ጾም የሚፈርሰው በአፍ ነው፤ በአፍንጫ የፈረሰ ጾም አላነበብሁም» አሉ። ደግመው ወደ አበባው ጎንበስ ብለው «ይህስ ባለ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ አበባ፣ ወርቁ ጥንብ» አሉና ጠበሉን ረጭተው ቡናቸውን ደጅ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ደጅ ማለታቸው የአባትነታቸው ነው።

እሳቸው ደጅ ሲጠጡ ባለቤቴ በድፍረት ጣቷን ዘንጉ ላይ አሳረፈች። ቶሎ አነሣችው። «ትኩሳት አለው!»

እውነት ነው፣ ያተኩሳል። የዚህ ቤተሰብ አበቦች እንደሚሞቁ ፈረንሳዊው ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1778 ጽፏል፤ እሱ ያየው የአውሮፓውን ዘመድ ነበር። ቩዱ ሊሊ በሚከፈትበት ጧት ዘንጉ ውስጥ ያከማቸውን ስታርች በአንድ ጊዜ እያነደደ ከዙሪያው አየር እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃል። ሙቀቱ ሽታውን ከዘንጉ አትንኖ ወደ አየር ይበትነዋል፤ ወጥ እስኪሞቅ ሽታው እንደማይወጣ ያለ ነገር ነው። ማታ ደግሞ ሁለተኛ ዙር አለ፤ ያኔ የሚሞቀው የታችኛው ክፍል ነው፣ ዝንቦቹ የታሰሩበት።

እሳቱን የሚለኩሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ዘመን ፈጀ። ቫን ኸርክ የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1937 «አንድ ንጥረ ነገር አለ» አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አልያዘውም። አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያዙት፤ ሳሊሲሊክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ። አበባው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው መጠኑ በዘንጉ ውስጥ መቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት አስባ አስባ «እኛ ትኩሳት ልናወርድበት የምንውጠውን እሱ ትኩሳት ሊያወጣበት?» አለች። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ያነበብሁ አይመስለኝም። ልጆቹ የጉንፋን እንክብል አጠገቡ አስቀምጠው ጠበቁ። በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ፤ በእንክብሉ ነው ብለው እስካሁን ያምናሉ።

ሽታው ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። አበባው ሐሙስ ማታ ላይ ተንበርክኮ ወደቀ። ወሬው ግን እስከ ሐምሌ ቆመ።

የገረመኝ ሌላ አገር ለዚህ ሽታ ሰልፍ መያዙ ነው። የሱማትራውን ግዙፍ፣ ታይታን አሩም የሚሉትን፣ ጣሊያናዊው ኦዶአርዶ ቤካሪ እ.ኤ.አ. በ1878 አገኘው፤ ከላከው ዘር የበቀለው እ.ኤ.አ. በ1889 ለንደን ውስጥ ኪው የአትክልት ቦታ አበበ፤ ሕዝብ ጎረፈለት። ኤድንብራ ውስጥ የአንዱ ሥር ሲመዘን ከ150 ኪሎ በላይ ሆኗል፤ በእኛ ሚዛን አንድ ኩንታል ተኩል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያብብ ከታየ በኋላ የብሮንክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1939 የክፍለ ከተማቸው ይፋዊ አበባ አደረጉት፣ እስከ 2000 ድረስም አልለወጡትም። ዛሬም አንዱ ሊያብብ ነው ሲባል ሰው ሌሊት ተሰልፎ፣ ተራ ጠብቆ፣ ገብቶ ይሸተዋል፣ «ወይኔ!» ብሎ ይወጣል። እትዬ ሲሰሙ «ቀን የሚያስመሻቸው ሥራ የላቸውም» አሉ።

እኔ ግን ስለ ሽታ ከሆነ አገራችን ሆደ ሰፊ ናት ብዬ እከራከራለሁ። የቡሬ በርበሬ ሲታመስ ሦስት አጥር አልፎ ያስነጥሳል፤ የሚያኮርፍ የለም፣ «ወጡ ደረሰ» ይባላል እንጂ። በማንኩሳ መንገድ፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የልቦለዳቸውን ታሪክ በጀመሩባት በዚያች ማንኩሳ በኩል፣ ቡሬ ገበያ ስንወርድ መኪናው ሙሉ ቅቤና በርበሬ ነው። የእትዬ አተላም አለ። እትዬ ጠላ ይጠምቃሉ፣ አረቄም ያወጣሉ፤ አተላው በክረምት ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ለመናገር የነፍስ አባታችን ቅኔ ያስፈልጋል። አንድ ቀን «እትዬ፣ የእርስዎ አተላስ?» ብዬ ጀመርኩ። «አተላ ከብት ያደልባል፣ ያንተው ዝንብ ነው የሚያደልበው» ብለው ዘጉት። ክርክሩን እዚያ ላይ መተዉ ይሻለኝ ነበር።

ለነገሩ ይህን ወገን ሁሉም ኢትዮጵያዊ አያባርረውም። በደቡብ ደጋዎች አሞች የሚባለውን፣ በጋቢው የተሸፈነ አበባ ያለውን፣ ሥሩን አቀነባብረው ይበሉታል። ኮንሶ ውስጥ ደግሞ የታይታኑ ወገን የሆነ ተክል ሥሩ ለምግብ ይውላል። አበባው የሚገማ፣ ሥሩ ሰው የሚያጠግብ። የአሞቹ ሳይንሳዊ ስም ሺምፐር የተባለውን ጀርመናዊ ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ፣ ትግራይ ውስጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ አርፏል። ቤካሪ ታይታኑን ያገኘበት ዓመት መሆኑ ነው። ስሙን ያወጣው በቪየና የሾንብሩን ቤተ መንግሥት የአትክልት ሹም የነበረው ሾት ነው፤ ይህን ቤተሰብ ሲመዘግብ ዕድሜውን የፈጀ ሰው። ዲፈንባኪያን በሾንብሩን አትክልተኛው ስም የጠራውም እሱ ነው። አገራችን ውስጥ የሚበቅል ተክል ስሙን ለማወቅ በቪየና በኩል መዞር አለበት። ጎጃም ግን ለሥር ምግብ ብዙም ጆሮ አይሰጥም፤ በቆሎና ጤፍ ባለበት ማን ምላስ የሚያስር ነገር ቀቅሎ ይጠብቃል?

አበባው ከወደቀ በኋላ ሥሩን የሚያፈስ እንስራ ውስጥ፣ በቀይ አፈርና በደረቀ ፍግ ተከልኩት። ወዲያው ቅጠል አወጣ። አንድ ቅጠል ብቻ ነው ለዓመቱ፤ ግንዱ ግን ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ። ቦይ ሊቆፍርልን የመጣ ሰው ከእንስራው ሲነሣ አየና በአካፋ መታው። እንደ እባብ ነበር የመታው፤ አንገቱ ላይ። ሥሩ ግን ምንም አልሆነም። እሱ ከአፈር በታች ነው፣ ሰው ከላይ የሚያደርገውን ለብዙ ዘመን ታዝቧል።

ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ምክሩ አጭር ነው። ዝናብ ሲጀምር ይተከል። ውኃ የሚቋጥር ቦታ አይወድም፣ ክረምታችን ግን ይበቃዋል። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ «ደረቀብኝ» ብሎ ውኃ ማፍሰስ ይገድለዋል፤ ተኝቶ ነው፣ ይተው። ከአፈር ወጥቶ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና እስከ ግንቦት ይረሳ። ከድንቹ ጋር ግን አብሮ አይቀመጥ፣ በተለይ ቤቱ አዲስ ሠራተኛ ካለው። ሲነካ ጓንት ወይም ፌስታል ይደረግ፣ ዓይን አይታሸ። ግንቦት ላይ ጫፉ ሲወጣ ባለቤቱ ሁለት ነገር ማየት አለበት፣ የነፋሱን አቅጣጫና ባሕረ ሐሳቡን። ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ቤት መስኮቱ ላይ ባያኖረው ይመረጣል። የእኔ አሁን የሚያብበው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነው፤ የሚያማው ቢኖር በሽንት ቤቱ ያሳብባል።

ሥሩን ከአፈር ሳወጣ በዙሪያው ትንንሽ ልጆች ወልዶ አገኘሁት። በጀርባ በረንዳ ዘርግቼ ሳደርቃቸው እትዬ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩ ነበር። ዝም ብለው ቆዩ። አተላቸውን ካነሣሁባቸው ጀምሮ ሰላምታችን ቀዝቅዞ ነበርና ዝምታው አልገረመኝም።

«ከልጆቹ አንዷን ብትሰጠኝ» አሉ።

በእጄ የያዝኩት ወደቀ። «ለምን ይሆንልዎታል እትዬ?»

ወደ ጓሯቸው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ያችን የጀርባ ክፍል የተከራየው ልጅ አለ አይደል? ኪራይ ካቋረጠ ወራት አለፉ። ውጣ ብለው አይወጣ፣ ክፈል ብለው አይከፍል። ደጁ ላይ አንድ አበባ ባስቀምጥለት በክፋት አይታይብኝም።»

አበባ ማስቀመጥ በክፋት እንደማይታይ መሰከርኩ። ግን እውነቱን መንገር ነበረብኝ፤ እነዚህ ገና ሕፃናት ናቸው፣ ለማበብ ዓመታት ይፈልጋሉ፣ እስከዚያ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጡት። እትዬ ተከራዩን በዚያ ዕድሜ አባዝተው አሰቡት መሰለኝ፣ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዲያው እናቲቱን አውሰኝ» አሉ። «ለሰኔ ብቻ ነው። ሐምሌ አምስት እመልሳታለሁ።»